ከብልጭታው በፊት ምንጩን እንወቅ፦ የቴስላ ኮይል ከፍተኛ ቮልቴጅ ከየት ይምጣ?

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም



ባለፈው ዓመት ለዲፓርትመንት ኤግዚቢሽን ቴስላ ኮይል ልንሠራ ሦስት ሆነን ተነሣን። ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ማይክሮዌቭ ገዛን። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሰክተን ሞከርነው፤ ከዚያ ሶኬቱን ነቅለን ክዳኑን ፈታን። ከመካከላችን አንዱ ትራንስፎርመሩን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ፣ በላብራቶሪ የሚሠሩ አንድ ታላቅ ወንድማችን «ቆይ!» ብለው ክንዱን ያዙት። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች አገናኙ። ክፍሉን ያናወጠ የርችት ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ የካቻቢቴው ጫፍም ተበልቶ ቀረ። ሶኬቱ ከተነቀለ ሩብ ሰዓት አልፎት ነበር።

እኛ በዚያ ቀን ስለ ብልጭታው ርዝመት እንጂ ብልጭታው ስለሚመጣበት ምንጭ አላሰብንም ነበር። ዘንድሮም ከጀማዓችን ውስጥ ኮይል ለመሥራት ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ ሰምተናል፤ ማሻአላህ፣ ያበርታቸው። ይህን ትምህርት የጻፍነው እኛ ወደ ኋላ ሄደን የተማርነውን እነሱ አስቀድመው እንዲያውቁት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ምንጭ የሚመረጠው በሚሰጠው ቮልት ብዛት ሳይሆን ስንሳሳት በሚያደርገው ነገር ነው።

1. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ኒኮላ ቴስላ ይህን መሣሪያ ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ዛሬ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት ባለ ስፓርክ ጋፑ ዓይነት አምስት ክፍሎች አሉት፦ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ምንጭ፣ ካፓሲተር፣ ስፓርክ ጋፕ፣ ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም ፕራይመሪ ጥቅል፣ እንዲሁም ብዙውን ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ዙር ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ሰከንደሪ ጥቅል። በሰከንደሪው አናት ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው የብረት አካል ይቀመጣል።

ምንጩ ካፓሲተሩን ይሞላል። ቮልቴጁ በቂ ከፍታ ላይ ሲደርስ በጋፑ መካከል ያለው አየር ይሸነፍና ብልጭ ይላል። በዚያች ቅጽበት ካፓሲተሩና ፕራይመሪው አንድ ዑደት ሆነው ኃይሉ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ አንድ መቶ ሺህ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ነው። ሰከንደሪው በዚያው ፍሪኩዌንሲ የተቃኘ ከሆነ ኃይሉን እየተቀበለ ቮልቴጁን ያሳድጋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በትክክለኛው ሰዓት ትንሽ ትንሽ ብንገፋው ከፍ ከፍ እንደሚል ማለት ነው። ሬዞናንስ የምንለው ይህንን ነው።

2. ከምንጩ የምንፈልገው ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልብ እንበል። ስፓርክ ጋፑ ብልጭ ባለ ቁጥር ለትራንስፎርመሩ ሾርት ነው። ይህ በሴኮንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ምንጩ ሾርትን የሚችል፣ ሾርት ሲሆንም ከረንቱን ራሱ የሚገድብ መሆን አለበት።

ለመሣሪያው የሚያስፈልገው ይህ ጠባይ ለእኛም ነፍስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጫፎቹን በስህተት የነካ ሰውም ለምንጩ ሌላ ሾርት ነው። በ50 ኸርዝ የሚመላለስ 10 ሚሊአምፒር ገደማ በእጅ ሲያልፍ ጡንቻ ተጨምድዶ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። በደረት በኩል የሚያልፍ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል። 100 ሚሊአምፒር ሲደርስ ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ስለ ማንኛውም ምንጭ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ስንት ቮልት ይሰጣል? ሾርት ሲሆንስ ስንት አምፒር ይለቃል? እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የጠየቅነው።

3. ምንጮቹን በየተራ

ሀ) የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመር። ለጀማሪ የስፓርክ ጋፕ ኮይል የተለመደው ምንጭ ይህ ነው። አሮጌው ባለ ብረት ኮሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 15 ኪሎቮልት፣ 30 ወይም 60 ሚሊአምፒር ይሰጣል። የኒዮን ጋዝ ለመብራት ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ አንዴ ከበራ ግን ከረንቱ ካልተገደበ እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ለመከላከል ሠሪዎቹ በፕራይመሪና በሰከንደሪ ጥቅሎቹ መካከል ተጨማሪ የብረት ቁራጭ ያስገባሉ። ሰከንደሪው ሾርት ሲሆን መግነጢሳዊ ፍሰቱ በዚያ ቁራጭ በኩል ያፈነግጣል፤ ከረንቱም ከተጻፈበት መጠን ብዙም ሳያልፍ ይቀራል። ስፓርክ ጋፕ የሚፈልገውም ይህንኑ ጠባይ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ አዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ የኒዮን ምንጮች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ መከላከያቸው ያጠፋቸዋል ወይም ይቃጠላሉ። ሁለተኛ፣ በብዛት የሰከንደሪው መካከለኛ ነጥብ ከብረት ሣጥኑ ጋር የተያያዘ ነው። በ15 ኪሎቮልቱ እያንዳንዱ ጫፍ ከሣጥኑ 7.5 ኪሎቮልት ይርቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የግድ ኧርዝ መደረግ አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «የተገደበ» ማለት «የማይገድል» ማለት አይደለም። 30 ሚሊአምፒር ከመልቀቅ አቅማችን በሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ለ) የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር። ርካሽ ነው፤ በየጥገና ቤቱም ይገኛል። ቮልቴጁ 2 ኪሎቮልት ገደማ ስለሆነ ከኒዮኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ከኋላው ያለው አቅም ነው። የሰውነትን መቋቋም 1,000 ኦም ብለን ብንይዝ፣ 2,000 ቮልት ለ1,000 ሲካፈል 2 አምፒር ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ሙሉውን ባይሰጥ እንኳ ከገዳዩ መጠን ብዙ እጥፍ ይሰጣል። በዚያ ላይ የሰከንደሪው አንድ ጫፍ ከብረት ኮሩ ጋር የታሰረ ነው። በአሜሪካ ሰዎች ይህንኑ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ያለው ጌጥ ለማቃጠል ሲጠቀሙበት ብዙዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአገሪቱ የእንጨት ጠራቢዎች ማኅበርም ይህ ሥራ በዝግጅቶቹ ላይ እንዳይሠራ ከልክሏል። የእኛም ምክር አጭር ነው፦ ይቅር።

ሐ) ፍላይባክ። ባለ ትልቅ ቱቦ አሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ከ20 ኪሎቮልት በላይ በትንሽ ከረንት ይሰጣል። ከ12 እስከ 24 ቮልት በሚሠራ ድራይቨር ሊንቀሳቀስ ስለሚችል በግቢ መስመር ላይ በቀጥታ መሥራትን ያስቀራል። አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ለትንንሽ ኮይል ብቻ ነው። የቴሌቪዥኑ ቱቦ ግን ራሱ ካፓሲተር መሆኑንና ከጠፋ በኋላም ክምችት ሊይዝ እንደሚችል አትርሱ።

መ) የመስመር ትራንስፎርመር። በየምሰሶው ላይ 15 ኪሎቮልትን ወደ ቤት መስመር የሚያወርደውን ገልብጠው የሚጠቀሙ በሌላ አገር አሉ። እሱ ራሱን የሚገድብበት ነገር የለውም፤ ሾርት ሲሆን ያለውን ሁሉ ይለቃል። ለተማሪ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሠ) በትንሽ ቮልት የሚሠራ ኮይል። ይህኛው የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመርም ስፓርክ ጋፕም የለውም። አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ሬዚስተር፣ 12 ቮልት ምንጭ፣ ጥቂት ዙር ያለው ፕራይመሪና ሰከንደሪ ጥቅል ይበቃዋል። ብልጭታው ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆንም ሬዞናንስን ያሳያል፤ በእጅ የተያዘ የፍሎረሰንት መብራትንም ያለ ሽቦ ያበራል። ጫፉን የነካ ጣት ሊቃጠል ቢችልም በምንጩ በኩል ነፍስ የሚያጠፋ ነገር የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በዚህ ይጀምር።

4. ስሌቱ

ኒዮኑን ለመረጠ ሰው የካፓሲተሩ መጠን ከትራንስፎርመሩ ጋር መመጣጠን አለበት። 15 ኪሎቮልት፣ 30 ሚሊአምፒር ያለውን እንውሰድ። አቅሙ 15,000 በ0.030 ሲባዛ 450 ቮልት አምፒር ነው። ውስጣዊ ኢምፔዳንሱ ደግሞ 15,000 ለ0.030 ሲካፈል 500,000 ኦም ይመጣል።

ከዚህ ጋር ሬዞናንስ የሚገባው ካፓሲተር የሚገኘው 1ን ለ(2 × ፓይ × ፍሪኩዌንሲ × ኢምፔዳንስ) በማካፈል ነው። በእኛ አገር መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ውጤቱ 6.4 ናኖፋራድ ገደማ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምናገኛቸው ሠንጠረዦች ግን በአሜሪካው 60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው፤ እነሱ 5.3 ይላሉ። ለ120 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመርን እኛ መስመር ላይ መሰካት ደግሞ በአንዴ ማቃጠል ነው።

ታዲያ ልክ 6.4 ናኖፋራዱን እናድርግ? አናድርግ። ያኔ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ በመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ሬዞናንስ ውስጥ ይገቡና፣ ጋፑ በሆነ ምክንያት ሳይተኩስ ከቀረ ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ እየወጣ የትራንስፎርመሩን ኢንሱሌሽን ይበሳዋል። ስለዚህ ቋሚ ጋፕ ላለው ኮይል አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ማለትም ወደ 10 ናኖፋራድ፣ ይመረጣል። ጋፑ ከትራንስፎርመሩ ጫፎች ጋር ትይዩ ይሁን። ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ኧርዝ የሚተኩስ መጠባበቂያ ጋፕም ይጨመርበት።

በካፓሲተሩ ውስጥ የሚቀመጠውን ኃይል እናስላ። የ15 ኪሎቮልት ጫፍ በ1.414 ሲባዛ 21.2 ኪሎቮልት ነው። የ10 ናኖፋራድ ግማሽ በቮልቴጁ ካሬ ሲባዛ 2.25 ጁል ይመጣል። የእኛ የማይክሮዌቭ ካፓሲተር፣ 1 ማይክሮፋራድ በ2.8 ኪሎቮልት ብለን ብንይዘው፣ 4 ጁል ገደማ ነበረው። ካቻቢቴውን የበላው እሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ 10 ሜጋኦም የሚሆን ሬዚስተር አለው፤ ክምችቱን ቀስ ብሎ ያፈስሳል። 10 ሜጋኦም በ1 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 10 ሴኮንድ ነው፤ በ50 ሴኮንድ ውስጥ ቮልቴጁ ከመቶ አንድ እጅ በታች ይወርዳል። የእኛ በሩብ ሰዓት ያልወረደው ሬዚስተሩ ተበጥሶ ስለነበረ ነው። ተበጥሶ መሆኑን በዓይን ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ብልጭታው ርዝመት እንምጣ፤ ልብን የሚሰልበው እሱ ነውና። በኮይል ሠሪዎች ዘንድ በልምድ የሚሠራበት ግምት አለ፦ በደንብ የተቃኘ ኮይል የሚሰጠው ርዝመት በሴንቲሜትር 4.3 ሲባዛ በዋቱ ስኩዌር ሩት ነው። 450 ዋት 90 ሴንቲሜትር ገደማ ይሰጣል። ርዝመቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ 1,800 ዋት፣ መሆን አለበት። አደጋው አራት እጥፍ ጨምሮ ብልጭታው የሚጨምረው እጥፍ ብቻ ነው። ወደ ማይክሮዌቭ የሚገፋንን ስስት በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው።

5. የምንሰማቸው ሦስት የተሳሳቱ አባባሎች

«ሊኬጅ ብሬከር ስላለን አያሰጋም።» ይህ ብሬከር የሚሠራው በሚገባውና በሚመለሰው ከረንት መካከል ልዩነት ሲያይ ነው። ትራንስፎርመር ግን ሁለቱን ወገኖች ይለያያል። በሰከንደሪው በኩል በሰው ውስጥ ያለፈ ከረንት ተመልሶ የሚገባው እዚያው ሰከንደሪው ውስጥ ስለሆነ፣ ብሬከሩ ምንም አያይም። ፊውዙም ሥራ የበዛ እንጂ ሰው የተያዘ አይመስለውም።

«ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በቆዳ ላይ ብቻ ስለሚሄድ አይጎዳም።» በመዳብ ላይ እውነት ነው፤ በሥጋ ላይ አይደለም። በ200 ኪሎኸርዝ በጡንቻ ውስጥ የሚዘልቀው ጥልቀት ሲሰላ ከአንድ ሜትር በላይ ይመጣል፤ ከሰውነታችን ውፍረት ይበልጣል ማለት ነው። የማይሰማን ነርቮቻችን ለዚያ ፍጥነት ምላሽ ስለማይሰጡ እንጂ ስለማያልፍብን አይደለም፤ ውስጥን ሊያቃጥል ይችላል። የምንጩና የፕራይመሪው ወገን ደግሞ 50 ኸርዝ የተሸከመ ነው።

«መብራት ስለሄደ መንካት ይቻላል።» ይህ የኛው አገር ወጥመድ ነው። መብራት ሄዶ ጋፑን ልናስተካክል ጎንበስ ባልንበት ተመልሶ ቢመጣስ? መድኃኒቱ ኮንታክተር ነው፦ መብራት ሲሄድ ይከፈታል፤ ሲመለስ ግን ሰው ቁልፉን እስኪጫን ድረስ አይዘጋም።

6. ግመሏን ማሰር

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን አስሮ ወይስ ለቆ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ እንደመለሱለት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ተወኩል ሰበብን ማድረስን አያስቀርም። በዚህ ሥራ የግመሏ ገመድ የሚከተለው ነው።

• ብቻችንን አንሠራም። ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ራቅ ብሎ ይቆማል።
• ማንኛውንም ነገር ከማስተካከላችን በፊት ሶኬቱን ነቅለን ጫፉን በዓይናችን ፊት እናስቀምጣለን።
• ከዚያ ካፓሲተሩን ረጅም ኢንሱሌትድ እጀታ ባለው፣ ሬዚስተር በተገጠመለት ዘንግ እናፈስሳለን፤ ሽቦ አገናኝተንም እንተዋለን። ካቻቢቴው ያኔ ያዳነን ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ እንዳልሆነ ወንድማችን ራሳቸው ነግረውናል።
• የሰከንደሪው ታች ጫፍ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ የራሱ ዘንግ ይሂድ። ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ካያያዝነው ብልጭታውን ወደ ጎረቤት ኮምፒውተሮች እንልካለን።
• የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው በአካባቢው እንዳይኖር እንጠይቃለን።
• ጋፑ ኦዞንና የናይትሮጅን ጋዞች ይፈጥራል፤ ብርሃኑም ዓይን ይጎዳል። ክፍሉ አየር ይግባው፤ ጋፑ ይሸፈን።
• ዶርም ውስጥ በፍጹም።

7. የአማና ጉዳይ

ሸሪዓችን ሊጠብቃቸው ከመጡት አምስት ነገሮች ነፍስ አንዷ ናት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ዑለሞችም ጉዳት ማድረስና በጉዳት ላይ ጉዳት መመለስ የተከለከለ መሆኑን ከሐዲስ ወስደው የፊቅህ መሠረት አድርገውታል። እነዚህን የምናነሣው ሰው ከሙከራ እንዲርቅ አይደለም። ነፍሳችን አማና ናት፤ የጓደኛችን ነፍስ፣ የግቢው መስመር፣ ቤተሰብ የላከው ገንዘብም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ ከዶርም መስመር ላይ ኮይል ማስነሣት የሌሎችን ላፕቶፕና እንቅልፍ መድፈር ነው። ፈቃድ መጠየቅና በላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ግን ለሁሉም በር ይከፍታል።

መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን አንዱን ሐርፍ ከመውጫው አስተካክለን እስክናወጣ ድረስ ወደ ሚቀጥለው አያሳልፉንም ነበር። ያን ጊዜ የዘገየን ይመስለን ነበር፤ አሁን ስናየው ስህተቱ ሥር ሳይሰድ መያዛቸው ነበር። ከፍተኛ ቮልቴጅም እንደዚያው ፊት ለፊት ከሚያውቅ ሰው ይወሰዳል። ልዩነቱ እዚህ የመጀመሪያው ስህተት የመጨረሻውም ሊሆን መቻሉ ነው።

በመጨረሻ የእኛ ኤግዚቢሽን ምን ሆነ ለምትሉ፣ ያቀረብነው ባለ 12 ቮልቱን ነበር። ብልጭታው ከጥፍር አይበልጥም። አንዲት እህት የፍሎረሰንት መብራቱን ይዛ ስታስጠጋው ግን ያለ ሽቦ በራ፤ ሰልፉም እስከ በሩ ድረስ ደረሰ። ሦስታችንም በሰላም ወደ ዙህር ሶላት ሄድን። አልሐምዱሊላህ።

ለመወያየት

1. 12 ኪሎቮልት፣ 60 ሚሊአምፒር የሆነ የኒዮን ትራንስፎርመር ኢምፔዳንሱ ስንት ነው? በ50 ኸርዝ ሬዞናንስ የሚገባው ካፓሲተርስ?
2. ሊኬጅ ብሬከር በሰከንደሪው በኩል የተያዘን ሰው ለምን አያድንም? በሥዕል አሳዩ።
3. ከ100 ዋት ኮይል ብልጭታውን ሦስት እጥፍ ለማስረዘም ስንት ዋት ያስፈልጋል? ይህስ ለትርኢት ብቻ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን።